የወይራ ዘይት ጥቁር ውኃ

የወይራ ፍሬ ሲጨመቅ ከዘይቱ ጋር መራራና ጥቁር ውኃ ይወጣል። (ይህ ወይራ የወተት ዕቃ ከሚታጠንበት ከአገራችን ወይራ ጋር ዘመድ ቢሆንም፣ ፍሬው ትልቅና ዘይታም የሆነው የሜዲትራኒያን ዛፍ ነው።) ሮማውያን ውኃውን «አሙርካ» ይሉት ነበር። ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ160 ገደማ በጻፈው የእርሻ መጽሐፍ፣ ነቀዝና አይጥ እህሉን እንዳይጎዱት ጎተራው በአሙርካ በተቦካ ጭቃ እንዲለቀለቅ መክሯል። ቫሮ ደግሞ በ37 ከመጭመቂያው ወደ እርሻ ያለልክ የሚፈስሰው አሙርካ መሬቱን አጥቁሮ መካን እንደሚያደርገው አስጠንቅቋል።

ነቀዙንም መሬቱንም የሚጎዳው በአብዛኛው ፌኖል የተባለው የኬሚካል ወገን ነው። ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቀውም ይኸው ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ከውኃው ጋር ይሄዳል። ባክቴሪያንም ስለሚገድል የከተማ ፍሳሽ በሚጣራበት መንገድ ይህን ማጣራት አዳጋች ነው፤ በውስጡ ያለው ብክለት ከቤት ፍሳሽ መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል።

የሞቀ ውኃ እየጨመሩ የሚሠሩት ሴንትሪፉጆች ሲስፋፉ ፍሳሹ በዛ። ስፔን በ1981 (እ.ኤ.አ.) ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ በአዋጅ ከለከለች፤ በፀሐይ እንዲተን በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩሬዎች ተቆፈሩ።

ኬሚስቶችም የበኩላቸውን ሞከሩ። ኖራ ሲጨመርበት ዘይቱን፣ ቀለሙንና ከፌኖሉ ከፊሉን ያዘቅጣል፤ የሟሟው ስኳር ግን እዚያው ይቀራል። ፌንተን በ1894 የገለጸው የብረትና የሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ድብልቅ ከዚህ ይበልጣል፤ ፌኖሉን ራሱን ይሰባብራል። ነገር ግን ውኃው አስቀድሞ አሲዳም፣ ኋላም ገለልተኛ መደረግ አለበት፤ ፐርኦክሳይዱ ውድ ነው፤ ብረቱም ዝቃጭ ሆኖ ይከማቻል። በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ለሚሠራ አነስተኛ መጭመቂያ ይህ ከባድ ሸክም ነው።

ስፔንን ይበልጥ የረዳት መድኃኒቱ ሳይሆን የመሣሪያው መለወጥ ነው። ከ1991 ገደማ ጀምሮ ውኃ የማይጨመርበት ሴንትሪፉጅ ገባና ጥቁሩ ውኃ እጅግ ቀነሰ። በምትኩ ለማጓጓዝም ለማድረቅም የሚያስቸግር እርጥብ አተላ፣ በስፔኖች አጠራር «አልፔሩሆ»፣ መጣ። ኢጣሊያ ግን ውኃውን ወደ እርሻው መለሰችው፤ የ1996 ሕግ ቁጥር 574 በዓመት ለአንድ ሄክታር ከባህላዊ መጭመቂያ እስከ 50፣ ከሴንትሪፉጅ እስከ 80 ሜትር ኩብ እንዲፈስስ ፈቅዷል። ቫሮ የተናገረለት ልክ በዚህ ቁጥር ተወሰነ።