ሸማህ፣ የጂዛን አፍ ካንሰርና ትእዛዝ የማያቋርጠው ኤንዛይም

የቀይ ባሕርን ዳርቻና እንደ ሀሩብ ያሉ ተራራማ ወረዳዎችን የሚያካትተው የጂዛን ክልል በሳዑዲ ዓረቢያ የካንሰር ታሪክ ለብቻው የሚነሳው በሸማህ ምክንያት ሲሆን፣ ይህም የትምባሆ ቅጠል ተፈጭቶ ከኖራ፣ ከአመድ፣ ከቁንዶ በርበሬና ከዘይት ጋር የሚቀመም፣ ከሱረት ጋር ቢቀራረብም በአፍንጫ ሳይሳብ በጉንጭና በድድ መካከል የሚያዝ ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሳሌምና ባልደረቦቻቸው በጂዛን ሸማህ ተጠቃሚዎች አፍ ውስጥ የታዩትን የካንሰርና የቅድመ ካንሰር ለውጦች በስካንዲኔቪያ የጥርስ ሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

በሽታው ከህዋሱ ውስጥ እንዴት እንደሚነሳ የሚያስረዳው እውቀት ግን የተገነባው ከጂዛን ርቆ ነው። ኤድዊን ክሬብስና ኤድመንድ ፊሸር በ1950ዎቹ ሲያትል ውስጥ የጡንቻን ኤንዛይም ሲያጠኑ፣ ኤቲፒ ከተባለው የህዋስ የኃይል ምንጭ ፎስፌት ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ላይ የሚለጥፍና በዚህም የፕሮቲኑን ሥራ የሚለውጥ ኤንዛይም፣ ማለትም ፕሮቲን ካይኔዝ፣ መኖሩን አሳዩ፤ ለዚህም በ1992 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በ1979 ደግሞ ቶኒ ሀንተርና ባልደረቦቹ ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት የሚጨምሩ ካይኔዞች እንዳሉ ደረሱበት።

ከእነዚህ አንዱ በህዋስ ሽፋን ላይ የተተከለው ኢጂኤፍአር የተባለ ተቀባይ ነው። የእድገት መልእክት የያዘ ፕሮቲን ከውጭ ሲያርፍበት ሁለት ተቀባዮች ይጣመራሉ፣ በውስጥ በኩል አንዱ የሌላውን ታይሮሲን በፎስፌት ያትማል፣ መልእክቱም እስከ ኒውክሊየስ ተላልፎ ህዋሱ እንዲከፈል ያዛል፤ ጤነኛ ህዋስ ፎስፌቱን መልሶ የሚያነሱ ኤንዛይሞች ስላሉት ትእዛዙ በጊዜው ያበቃል። በሸማህ ውስጥ ያለው ኖራ ኒኮቲን በአፍ ሽፋን ቶሎ እንዲሰርግ ሲያደርግ፣ ትምባሆው ሲዘጋጅና ሲከማች የሚፈጠሩት ናይትሮሳሚኖች ደግሞ ዘረ መልን ይጎዳሉ፤ በአብዛኞቹ የአፍ ካንሰሮችም ኢጂኤፍአር ከልክ በላይ በዝቶ ስለሚገኝ የመከፈል ትእዛዙ አያቋርጥም።

ተቀባዩን ከውጭ የሚዘጋው ሴቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት በ2006 በአሜሪካ ለራስና አንገት ካንሰር ቢፈቀድም፣ ካይኔዝን የሚያግደው ኢማቲኒብ ከ2001 ጀምሮ በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ያስገኘውን ያህል ውጤት አላመጣም፤ ያ የደም ካንሰር በአንድ የተበላሸ ካይኔዝ ላይ ሲቆም፣ የአፍ ካንሰር ግን ለዓመታት የተጠራቀሙ ብዙ ጉዳቶች ውጤት ነውና። ስለዚህ ትልቁ ዕድል ያለው ከካንሰሩ በፊት ነው፤ ዱቄቱ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ የሚወጣው ነጭ ልጥፍ፣ ሸማህ ሲተው፣ በብዙዎች ላይ ይጠፋል።