የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ በምዕራብ አፍሪካ የካካዎ እርሻ

የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ልጆችን ከትምህርት የሚነጥል ወይም ጤናቸውንና ዕድገታቸውን የሚጎዳ ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ግምት መሠረት፣ በ2024 ለዚህ የተዳረጉት ሕፃናት 138 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ 54 ሚሊዮኑ አደገኛ ሥራ ላይ ነበሩ። አብዛኞቹ የሚሠሩት በፋብሪካ ሳይሆን በእርሻ ነው። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላዩን የሚያመርቱት ኮትዲቯርና ጋና፣ ችግሩ በክልከላ ብቻ ለምን እንደማይወገድ በግልጽ ያሳያሉ።

ካካዎ በአብዛኛው የሚለማው በጥቂት ሄክታር የቤተሰብ ማሳ ላይ ነው። ፍሬው ይቆረጣል፤ ቅርፊቱ በገጀራ ተፈልጦ እርጥቡ ዘር ይወጣል፤ ከዚያም ይብላላል፣ ፀሐይ ላይም ይሰጣል። ገበሬው ለቀን ሠራተኛ የሚከፍለው ሲያጣ ገጀራውን የሚያነሳውም ጆንያውን የሚሸከመውም ልጁ ይሆናል። በ2001 የቸኮሌት ኢንዱስትሪው የሃርኪን-ኤንግል ስምምነትን ፈርሞ በዘርፉ አስከፊውን የሕፃናት ሥራ ለማስወገድ ቃል ገባ። በ2020 ይፋ የሆነ ጥናት ግን በሁለቱ አገሮች 1.56 ሚሊዮን ሕፃናት በካካዎ ሥራ ለብዝበዛ እንደተዳረጉ አመለከተ። በካካዎ አብቃይ አካባቢዎች ካሉ የገበሬ ልጆች መካከል የእነዚህ ድርሻ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ31 ወደ 45 በመቶ አድጎ ነበር። ፊርማው የገበሬውን ኪስ አልነካምና ልጁም ከማሳው አልወጣም።

«ልጅ ከወላጁ ጎን ሥራ መልመዱ አስተዳደግ ነው» የሚለው ሙግት እውነት አለው። በ1973 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138ም ትምህርትን የማያደናቅፍ ቀላል ሥራን አይከለክልም። ገጀራ፣ ከባድ ሸክምና ፀረ-ተባይ ኬሚካል ግን ከዚህ አይቆጠሩም። «ድሃ ቤተሰብ ያለ ልጁ ጉልበት አይኖርም» የሚሉም አሉ። ይህ የሚያስረዳው ልጁ መሥራት እንዳለበት ሳይሆን፣ የወላጁ ገቢ መሻሻል እንዳለበት ነው። ሁለቱ መንግሥታት ከ2020/21 ምርት ዘመን ጀምሮ በቶን 400 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ የጠየቁት ለዚህ ነው። ሆኖም ዋጋ ሲወደድ ማሳ ማስፋት ያጓጓል፤ የሰፋ ማሳም ተጨማሪ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ገቢው ከትምህርት ቤት ጋር አብሮ መምጣት አለበት። ኮትዲቯር በ2015 ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ትምህርትን ግዴታ አድርጋለች፤ ሕጉ የሚሠራው ግን ልጁ በእግሩ የሚደርስበት ክፍልና በክፍሉ የሚገኝ መምህር ሲኖር ነው።

አስከፊ የሕፃናት ሥራን የሚከለክለውን ስምምነት ቁጥር 182 በ2020 ሁሉም 187 የድርጅቱ አባል አገሮች አጽድቀውታል። ስለዚህ የቀረው ሥራ አዲስ ክልከላ ማውጣት አይደለም፤ ገበሬው ልጁን ከማሳ አውጥቶ ትምህርት ቤት ለመላክ የሚያስችለውን ዋጋ መክፈል ነው። ይህም ዕዳ በመንግሥታት ላይ ብቻ ሳይሆን ከካካዎው በሚያተርፉት ኩባንያዎች ላይም ነው።