ቢምቢን የገደለች አበባ

ሮናልድ ሮስ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1897 የወባን ተዋሲ በቢምቢ ሆድ ውስጥ ካገኘ በኋላ፣ የብዙዎቹ ሐኪሞች ዘመቻ ወደ ረግረጉ ነበር፤ ውሃውን ማንጠፍጠፍና ዘይት ማፍሰስ ዋና ብልሃታቸው ሆነ። ቢምቢዪቱ ግን ደም ከጠጣች በኋላ የምታርፈው በጎጆው ግድግዳ ላይ ነው።

በ1930ዎቹ በደቡብ አፍሪቃ፣ በናታልና በዙሉላንድ፣ ዶክተር ፓርክ ሮስ ይህንኑ በሥራ ላይ አዋሉት። ፓይሬትረም ከተባለችው፣ ዐደይን ከምትመስል ነጭ አበባ የወጣውን ጭማቂ በላምባ አስበጥብጠው ጎጆዎቹን በየሳምንቱ ያስረጩ ጀመር፤ ንዳዱም በእጅጉ ቀነሰ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከአበባዪቱ ይልቅ የሚደነቀው ወደ ጎጆው መመልከታቸው ነው።

የአበባዪቱ ጕድለት ኃይሏ ብርሃን ሲነካው ፈጥኖ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ረጪው አንዱን መንደር ጨርሶ ሳያርፍ እንደ ገና መጀመር ነበረበት። በ1940ዎቹ በግድግዳ ላይ ለወራት የሚቈየው ዲዲቲ ሲመጣ አበባዪቱ ተረሳች፤ ስሟን የሚያነሣም ጥቂት ሆነ። በአገራችን በ1958 ከደረሰው ታላቅ የወባ እልቂት በኋላ በየቆላው ቤት ለቤት የተረጨው ዲዲቲ የተከተለው ግን ያንኑ የጎጆ መንገድ ነው። ቢምቢዪቱ ዲዲቲን በለመደች ጊዜ ደግሞ ኬሚስቶች ወደ አበባዪቱ ተመልሰው፣ ብርሃን የማያጠፋው ቅመም በእርሷ አምሳል ሠሩ፤ ዛሬ አጎበር የሚነከረው በዚሁ ነው።