ሰውና ደን በጣና ዳርቻ

ከባሕር ዳር በዳንግላ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ መሸንቲ ሲደርስ የሚያየው ሁሉ የሰው እጅ ያረፈበት ነው። እርሻው በበሬ የታረሰ፣ መስኩ በከብት የተጋጠ፣ በየማሳው ዳር የቆመው ባሕር ዛፍም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። እንደ ዋንዛና ወይራ ያለው ነባር ዛፍ በርከት ብሎ የሚገኘው ይበልጡን በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ያንንም ቢሆን ያቆየው የሰው ሕግ ነው።

እንግዲህ ሰው የተፈጥሮ አካል ነውን ወይስ ከተፈጥሮ ውጭ የቆመ ባዕድ? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን በመልሱ መሠረት ሕግ ወጥቷል፣ መንደርም ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሰውን በዱር ውስጥ ጎብኝቶ የሚመለስ እንግዳ እንጂ ነዋሪ አላደረገውም። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሊን ዋይት፣ ሰው በፍጥረት ላይ ገዢ ሆኖ ተሹሟል የሚለው የምዕራቡ ክርስትና አስተሳሰብ ለአካባቢ መጎሳቆል ሥር መሆኑን በጽሑፉ ተከራከረ።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ በግልጽ የተፈተነው በስሜን ተራሮች ነው። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ግን በአደጋ ላይ ከሚገኙ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከምክንያቶቹም አንዱ የሰፈራና የእርሻ መስፋፋት ነበር። በ2016 በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ገበሬዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በዓመቱም ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር ሌላ መኖሪያ ስለሌለው የጥበቃው ዓላማ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ግጭ ፓርኩ ከመቋቋሙ እጅግ ቀድሞ የነበረ መንደር ነበር።

ከመሸንቲ በስተሰሜን ወደ ጣና ገባ ያለው የዘጌ ልሳነ ምድር ሌላ ታሪክ ይነግራል። በአገሩ ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስን ከልክለው በምትኩ ቡናና ጌሾን ለሕዝቡ ሰጡ። ስለሆነም በዑራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም ዙሪያ ያለው ደን ሰው የራቀው ሳይሆን ሰው የሚኖርበት፣ ቡናም የሚለቅምበት ደን ነው። ዋይት ክሱን በምዕራቡ ክርስትና ላይ መወሰኑ የሚደገፍ ነው፤ በዘጌ ሃይማኖት ማረሻን ከለከለ እንጂ አልሾመውምና።

ይሁን እንጂ ዘጌን አይቶ ሰውና ተፈጥሮ በስምምነት ኖሩ ብሎ መደምደም የታሪክን ግማሽ መሸፈን ይሆናል። የታሪክ ምሁሩ ዐብዱሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1900 እስከ 1935 ባለው ዘመን የዘጌ ቡና በባሮች ጉልበት ይለማ እንደነበርና ከባለቤቶቹም መካከል ካህናት እንደነበሩበት አሳይተዋል። ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። ማረሻ ያልነካው ደን ውስጥም ግፍ ነበረ።

ሁለቱ ታሪኮች ተቃራኒ ቢመስሉም አንድ ቁም ነገር ያስተምራሉ። ሰው የተፈጥሮ አካል መሆኑ ብቻውን ጻድቅ አያደርገውም፤ ከደን ማስወጣቱም ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። መጠየቅ የሚገባው ደኑ ለሚቆምበት ዋጋ ከፋዩ ማን ነው የሚለው ነው። በስሜን ከፋዩ የግጭ ገበሬ፣ በጥንቱ ዘጌ ደግሞ ባሪያው ነበር።

የተሻለ መንገድ ግን አልጠፋም። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምእመናን ጋር በአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ደክመዋል። ድንጋዩ ከየማሳው የተለቀመ በመሆኑ ደኑ ከከብት የሚጠብቀው አጥር ሲያገኝ፣ ገበሬው ለማረስ የሚመች ማሳ አገኘ። በዚህ ሥራ ማንም ከቤቱ አልተነሣም።

የመሸንቲም ገበሬ ባሕር ዛፉን ነቅሎ ዋንዛ እንዲተክል የሚመክር ሁሉ፣ ዋንዛው እስኪያድግ ድረስ የቤቱ ወጪ በምን እንደሚሸፈን አብሮ ሊመልስ ይገባዋል።