የጭነት ኮንቴይነር

የጭነት ኮንቴይነር በመርከብ፣ በባቡርና በከባድ መኪና እየተቀባበሉ የሚያጓጉዙት፣ መጠኑ በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት የሆነ የብረት ሳጥን ነው። ዕቃው ከፋብሪካ ደጅ ተጭኖ በሩ ከታሸገ በኋላ ተቀባዩ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ የሚነሣውና የሚወርደው ሳጥኑ እንጂ ዕቃው አይደለም። ነዳጅ፣ ስንዴና ማዕድን እስከ ዛሬ በአብዛኛው በብትን ይጫናሉ። ከዚያ ውጭ ባሕር የሚሻገረው ያለቀለት ዕቃ፣ ከልብስና ከጫማ እስከ መድኃኒትና የመኪና መለዋወጫ፣ በአመዛኙ የሚጓዘው በዚህ ሳጥን ውስጥ ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሳጥኑ በፊት

በ1954 ዋሪየር የተባለች መርከብ ከኒውዮርክ ብሩክሊን ተነሥታ ወደ ጀርመን ብሬመርሃፈን ስትሄድ የያዘችው ጭነት አንድ በአንድ ተቆጥሮ ተመዝግቧል። ወደ 5 ሺህ ቶን የሚመዝነው ጭነት 194,582 ጥቅል ነበር፤ ካርቶን፣ ጆንያ፣ በርሜል፣ የእንጨት ሣጥን፣ ተሽከርካሪ ሳይቀር። የመጣውም ከ151 የአሜሪካ ከተሞች ነው። ጫኝና አውራጆች እያንዳንዱን ጥቅል ከመኪና አውርደው መጋዘን አስገቡ፣ ከመጋዘን አውጥተው በመረብ አንጠለጠሉ፣ ከዚያም ወደ መርከቧ ሆድ ወርደው በየጥጉ ደረደሩ። ማዕበል እንዳያንከባልለው ለማሰሪያና ለመደገፊያ የወጣው ገመድና እንጨት ብቻ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ፈጀ። ጠቅላላ ወጪው ሲሰላ ከባሕሩ ጉዞ ይልቅ በሁለቱ ወደቦች የወጣው ገንዘብ በልጦ ተገኘ። ባሕር ርካሽ መንገድ መሆኑ ድሮም የታወቀ ነው፤ ውድ የነበረው ባሕሩ ዳር ላይ መድረስና ከባሕሩ ዳር መለየት ነበር።

ያ ሁሉ እጅ ሲነካካው ዕቃ ይሰበራል፣ ይረጥባል፣ ይሰረቃል። መርከብም ከምትጓዝበት ጊዜ ያላነሰውን ወደብ ላይ ቆማ ታሳልፍ ነበር።

ማልኮም ማክሊንና ኣይዲያል ኤክስ

ዘመናዊውን የኮንቴይነር ጉዞ ያስጀመረው የመርከብ ሰው አልነበረም። ማልኮም ማክሊን በ1913 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ተወልዶ፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ በአንድ ያገለገለ መኪና የጭነት ሥራ ጀምሮ፣ ከአገሪቱ ትላልቅ የጭነት መኪና ድርጅቶች አንዱን የገነባ ሰው ነው። የሚያስበውም እንደ ባለ መኪና ነበር፦ ደንበኛው የሚከፍለው ዕቃው እንዲደርስለት ነው፤ በመርከብ ይሁን በመኪና ግድ የለውም። በጊዜው የነበረው የአሜሪካ ሕግ ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ መያዝ ስለማይፈቅድ፣ ማክሊን የመኪና ድርጅቱን ትቶ የመርከብ ድርጅት ገዛ። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚደንቀው ይህ እርምጃ ነው፤ ሃያ ዓመት የለፋበትን የሞላ ሥራ ገና ላልተሞከረ ሐሳብ ለቀቀ።

ኤፕሪል 26 ቀን 1956 ኣይዲያል ኤክስ የተባለችው መርከብ 58 ሳጥኖች ይዛ ከኒው ጀርሲ ኒዋርክ ወደ ቴክሳስ ሂዩስተን ጉዞ ጀመረች። መርከቧ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈች የነዳጅ ጫኝ ስትሆን፣ ሳጥኖቹን የምትሸከምበት የብረት ወለል ከላይ ተሠርቶላት ነበር። በዚያ ዓመት በተናጠል የተጠቀለለ ጭነትን በሰው ጉልበት መርከብ ላይ ለመጫን በቶን 5.83 ዶላር ይወጣ ነበር። የማክሊን ባለሙያዎች የኣይዲያል ኤክስን ሲያሰሉ በቶን 15.8 ሳንቲም ሆኖ አገኙት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1957 ሳጥኖቹን በሆዷ ውስጥ በቋሚ ሐዲዶች መካከል የምትደረድር ጌትዌይ ሲቲ የተባለች መርከብ ሥራ ጀመረች። ሲ-ላንድ ተብሎ የተሰየመው የማክሊን ድርጅት በ1966 ፌርላንድ በተባለችው መርከብ አትላንቲክን አቋርጦ ሮተርዳም ደረሰ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ስንቅ ወደብ ላይ ተቆልሎ መፈናፈኛ ሲያሳጣ፣ በካም ራን ቤይ የኮንቴይነር ወደብ አደራጅቶ ችግሩን ያቃለለውም ይኸው ድርጅት ነው።

ቁም ነገሩ ማዕዘኑ ላይ ነው

ሳጥን ማንም ይሠራል። ኮንቴይነርን ኮንቴይነር ያደረገው በስምንቱ ማዕዘኖቹ ላይ የተበየደው ቀዳዳ ያለው ወፍራም ብረት ነው። የክሬኑ አራት ጣቶች ከላይ ባሉት አራት ቀዳዳዎች ገብተው ሩብ ዙር ሲዞሩ ሳጥኑ ይያዛል፤ በተቃራኒው ሲዞሩ ይለቀቃል። መኪናው ላይ፣ ባቡሩ ላይ፣ ከታች ካለው ሌላ ሳጥን ጋርም የሚቆለፈው በዚሁ ዘዴ ነው። ይህን የነደፈው ከማክሊን ጋር ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ኪት ታንትሊንገር ነው።

ሆኖም በ1960ዎቹ መጀመሪያ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ልክ ነበረው፤ የማክሊን ሳጥን 35 ፊት፣ የሌላው 24 ፊት። የአንዱ ሳጥን የሌላው መርከብ ላይ ካልገጠመ ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ሲ-ላንድ በ1963 የማዕዘኑን ብረትና የመቆለፊያውን የባለቤትነት መብት ለሁሉም ክፍት አደረገ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም ከረጅም ክርክር በኋላ በዚያው አሥርት ዓመት ማብቂያ መደበኛ ልኮችን አወጣ። እስከ ዛሬ ድረስ በሥራ ላይ ያሉት ዋናዎቹ ባለ 20 ፊትና ባለ 40 ፊት ሳጥኖች የመጡት ከዚህ ነው። የሁለቱም ወርድ 8 ፊት፣ የተለመደው ቁመታቸው 8 ፊት ተኩል ሲሆን፣ ከፍ ያለው ዓይነት 9 ፊት ተኩል ነው። ባለ 20ው በውስጡ ወደ 33 ሜትር ኩብ፣ ባለ 40ው ወደ 67 ሜትር ኩብ ይይዛል። የመርከቦችና የወደቦች አቅም የሚለካውም በባለ 20ው ነው፤ የባሕር ትራንስፖርት ሰዎች ቲኢዩ የሚሉት መለኪያ ይኸው ነው። አንድ ባለ 40 ሁለት ቲኢዩ ይባላል።

የጎኑ ቆርቆሮ ታጥፎ ታጥፎ የተሠራው ለጥንካሬ ነው፤ ከላይ የሚደረደረውን ክብደት የሚሸከሙት ግን አራቱ የማዕዘን ምሰሶዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሙሉ ሳጥን ላይ ሌሎች ሙሉ ሳጥኖች ይደረደራሉ፤ ሰው ጣሪያው መሐል ቆሞ ቢዘል ግን ቆርቆሮው ይረግባል። ወለሉ በብረት ተሸካሚዎች ላይ የተነጠፈ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ነው።

በሩን ማንበብ

ኮንቴይነር በር ላይ የተጻፈው ሁሉ ትርጉም አለው። ከላይ በቀኝ በኩል አራት የላቲን ፊደላት ይታያሉ። ሦስቱ የባለቤቱ መለያ ሲሆኑ አራተኛው ለመደበኛ ኮንቴይነር ምንጊዜም ዩ ነው። ይህን መዝገብ የሚይዘው መቀመጫው ፓሪስ የሆነ ዓለም አቀፍ ቢሮ ነው። ቀጥሎ ስድስት አኃዞች፣ ከእነሱ አጠገብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአራት ማዕዘን የተከበበ አንድ አኃዝ አለ። ይህ ብቸኛ አኃዝ የተሰጠ ሳይሆን የተሰላ ነው። ፊደላቱ ወደ ቁጥር ተለውጠው፣ እያንዳንዱ በየተራው በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያለ ተባዝቶ፣ ድምሩ ለ11 ሲካፈል የሚተርፈው ነው። ጸሐፊው አንድ አኃዝ ቢያሳስት ስሌቱ አይገጥምም፤ ስሕተቱ እዚያው ይያዛል። ሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር በሩ ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ ዕቃ ስንት ቀን ሊቆም እንደሚችል ትራንዚተሮች ጠንቅቀው ያውቁታል።

ከቁጥሩ ሥር የሳጥኑ ባዶ ክብደትና መሸከም የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ይጻፋል። ከፍተኛው በአብዛኛው ከነሳጥኑ 30,480 ኪሎ ግራም ነው። በሩ ላይ በቋሚነት የተያያዘችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ደግሞ ሳጥኑ በ1972 በወጣው የኮንቴይነር ደኅንነት ስምምነት መሠረት የተፈተነ መሆኑን ታረጋግጣለች። ከጁላይ 2016 ወዲህ የታሸገ ኮንቴይነር ክብደቱ ተረጋግጦ ካልተመዘገበ መርከብ ላይ አይጫንም። ቀድሞ በግምት የተጻፈ ክብደት መርከብ ሲያዛባና ድርድሩን ሲንድ ኖሯል።

ወደብ የለወጠ ሳጥን

ሳጥኑ የወደብ ከተሞችን መልክ ገለባበጠ። ኮንቴይነር ሰፊ ሜዳ፣ ጥልቅ ውኃና ትልልቅ ክሬን ይፈልጋል፤ በማንሃተንና በለንደን መሐል ከተማ ያሉት ጠባብ የመርከብ ማቆሚያዎች ይህን ሊያሟሉ አልቻሉም። ሥራው ከኒውዮርክ ወደ ኒው ጀርሲ ኤሊዛቤት፣ ከለንደን ወደ ፊሊክስቶ ሄደ። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ የጫኝና አውራጅነት እንጀራም አብሮ ተቋረጠ። ስለ ኮንቴይነር ርካሽነት ሲወራ የእነዚያ ሰፈሮች ነገር መዘንጋት የለበትም።

መርከቦቹም አደጉ። ኣይዲያል ኤክስ 58 ሳጥን ጫነች፤ ዛሬ ከ24 ሺህ ቲኢዩ በላይ የሚይዙ፣ 400 ሜትር የሚረዝሙ መርከቦች አሉ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ነገር መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ማርች 2021 ላይ ታየ። ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ በስዊዝ ቦይ ላይ አግድም ተቀርቅራ ለስድስት ቀናት በቦዩ የሚያልፈውን የሁለት አህጉራት ንግድ አቆመች። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ብዙ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞረው መጓዝ ጀመሩ።

ከጅቡቲ እስከ ሞጆ

ኢትዮጵያ በ1993 የኤርትራን ነጻነት ተከትሎ ያለ ባሕር በር ቀረች፤ በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በአሰብ ወደብ መጠቀሟ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የገቢና ወጪ ንግዷ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል። በ1964 የተመሠረተው የንግድ መርከብ ድርጅት በ2011 ከባሕር ትራንዚትና ከደረቅ ወደብ ድርጅቶች ጋር ተዋህዶ፣ ባትሎአድ በሚል አጭር ስም የታወቀው የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሆነ።

ለባሕር አልባ አገር ኮንቴይነር ከሌላው ይበልጥ ይጠቅማል። ሳጥኑ እንደታሸገ ስለሚያልፍ ጉምሩክ ዕቃውን ድንበር ላይ መዘርገፍ የለበትም፤ ፍተሻውን መሐል አገር ማድረግ ይችላል። ደረቅ ወደብ የሚባለው ሐሳብ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 548/1999 ዓ.ም. ሕጋዊ መሠረት ያገኘው መልቲሞዳል የሚባለው አሠራርም እንዲሁ ነው፤ አንድ አጓጓዥ በአንድ ሰነድ ዕቃውን ከተነሣበት የውጭ ወደብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ በኃላፊነት ያመጣል። በዩኒሞዳል ግን አስመጪው ራሱ፣ ወይም የወከለው ትራንዚተር፣ ጅቡቲ ላይ ተረክቦ መኪና ፈልጎ ያጓጉዛል።

ሳጥኑ ከጅቡቲው የዶራሌ ወደብ ሲወጣ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በጋላፊ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ በተሳቢ መኪና የሚመጣበት ሲሆን፣ ሁለተኛው በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው፣ ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ሞጆ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። እዚያ ማሸጊያው ከነቁጥሩ ከሰነዱ ጋር ይመሳከራል፣ ከዚያ በትልቅ መቀስ ይቆረጣል፣ የበሩ አራት እጀታዎች እየጮኹ ይዞራሉ። ከሳምንታት በፊት በሌላ አገር አየር የተዘጋ ሳጥን ሲከፈት የሚወጣው የካርቶንና የፕላስቲክ ሽታ የታመቀ ነው።

ሸክሙ ከዚያ በኋላም አያልቅም። ሳጥኑ የአስመጪው አይደለም፤ በውሰት የመጣ ነው። ባዶው በተፈቀደው ቀን ካልተመለሰ በየቀኑ በዶላር የሚታሰብ ክፍያ ይቆጥራል። አገሪቱ ከምትልከው በላይ ስለምታስገባ ብዙው ሳጥን ሙሉ መጥቶ ባዶውን ይመለሳል። የባዶው መመለሻ ወጪ ደግሞ መጨረሻ ላይ በሱቁ ዕቃ ዋጋ ላይ ያርፋል። ስለ ኑሮ ውድነት ሲነገር ይህ ባዶ ጉዞ እምብዛም አይነሣም፤ መነሣት ነበረበት።

ቡናው

ተሞልቶ ከሚመለሰው ውስጥ ቀዳሚው ቡና ነው። አንድ ባለ 20 ፊት ሳጥን በተለምዶ 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ ማለትም 19.2 ቶን ይይዛል። ጆንያው ከመግባቱ በፊት ሳጥኑ ይጠረጋል፤ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ በሩ ይዘጋበትና በጣሪያው ቀዳዳ ብርሃን ይገባ እንደሆነ ያያል። ከዚያ ግድግዳውና ወለሉ በወፍራም ወረቀት ወይም በካርቶን ይለበሳል፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢትም ይንጠለጠላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው በአንድ ምክንያት ነው። የጅቡቲን ሙቀት ይዞ የወጣ ሳጥን ቀዝቃዛ ባሕር ሲደርስ ጣሪያው ይቀዘቅዛል። ከቡናው የሚወጣው እርጥበት ብረቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቋጠርና ተመልሶ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ውኃ ያላገኘው ሳጥን ውስጥ ዝናብ ዘነበ ማለት ነው። ሻግቶ የደረሰ ቡና ከይርጋጨፌም ይምጣ ከሐረር ማንም አይቀምሰውም፤ የገበሬው የዓመት ድካም በአንድ ያልተለበሰ ግድግዳ ሊጠፋ ይችላል።

ከጉዞ በኋላ

በባሕር ጨውና በክሬን ግጭት ያረጀ ሳጥን በተለምዶ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ከባሕር ሥራ ይወጣል። በኢትዮጵያ ከተሞች ግን ሥራው ገና ይጀምራል። ጎኑ በመጋዝ ተቆርጦ መስኮት ይወጣለታል፣ ቆርቆሮው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይቀባል፣ የስልክ ጥገና፣ የዳቦ መሸጫ ወይም የጀበና ቡና ቤት ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንቴይነር ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው መርከብ ሳይሆን ይህ ሱቅ ነው። ቀለሙ በሳሳበት ቦታ ጠጋ ብሎ ላየው አራቱ ፊደላትና ሰባቱ አኃዞች አሁንም ይነበባሉ።