ስለ ፋብሪካ ካህናት

ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የተጻፈው ታሪክ ብዙ ነው። እኛ ግን በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ ሥራ የምንወጣ ስለ ሆንን፥ በሥራ ቦታ ስለ ሰው ነፍስ የተጨነቁትን ካህናት ታሪክ ልናቀርብላችሁ ወደድን። የምንናገረው በተለይ ስለ እንግሊዝ ከተማ ስለ ሼፊልድ ነው፤ በመካከሉም ወደ ፈረንሳይ እንሻገራለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በአገራችን ኦርቶዶክሳዊው ምእመን የንስሐ አባት አለው። የንስሐ አባት ቤት ድረስ መጥቶ ጠበል ይረጫል፥ የታመመውን ይጠይቃል፥ የተጣላውን ያስታርቃል፤ ቤተሰቡንም በየስሙ ያውቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሰው ከቤቱና ከደብሩ አጠገብ ሲገኝ ነው። ቀኑን ሙሉ፥ አንዳንድ ጊዜም ሌሊቱን፥ ከእቶን ፊት ቆሞ የሚውለውን ሰው ማን ይጠይቀዋል? ሼፊልድ ይህ ጥያቄ በብርቱ የተነሣባት ከተማ ናት።

ሼፊልድ ከጥንት ጀምሮ በቢላዋ ሥራ የታወቀች ነበረች። በ18ኛው መቶ ዓመት ቤንጃሚን ሀንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ ብረትን በሸክላ ዕቃ አቅልጦ የጠራ ዓረብ ብረት ማውጣትን አስገኘ፤ ሄንሪ ቤሰመርም በ1858 ፋብሪካውን በዚያው ከተማ አቆመ። በ1801 ወደ 46 ሺህ ይደርስ የነበረው ሕዝብ በ1851 ከ135 ሺህ በላይ ሆነ። አብያተ ክርስቲያናት ግን በዚህ ልክ አልበዙም። ከዚህም የሚብሰው፥ በነበሩትም ውስጥ ብዙው መቀመጫ በኪራይ የተያዘ ነበር። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ወንበሩን ተከራይቶ በክብር ይቀመጣል፤ ድኻው የተረፈውን ነጻ ወንበር ይፈልጋል። በ1851፥ በማርች 30 ቀን፥ በእንግሊዝና በዌልስ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደው ሕዝብ ሁሉ ሲቈጠር፥ በታላላቆቹ የፋብሪካ ከተሞች ሠራተኛው ከመካከል እንደ ጐደለ በግልጽ ታየ።

ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ቤተ ክርስቲያን ሠራተኛውን አጣችው» ይላሉ። ኋላ ታሪኩን የመረመሩት ቄስ ቴድ ዊካም ግን በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን ገልብጠው አስረዱ፤ የፋብሪካ ከተማ ከተፈጠረ ጀምሮ ሠራተኛው ሕዝብ በጠቅላላው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ነበር አሉ። ሰው ያልያዘውን አያጣም። ይህ ሐሳብ መራራ ቢሆንም እውነት ያለበት ይመስለናል፤ የጠፋ በግ ቢሆን ኖሮ ደወል ደውሎ መጥራት ይበቃ ነበር፤ ከመጀመሪያው በበረቱ ያልነበረውን ግን ሄደው ካልተዋወቁት በቀር በደወል አይመጣም።

ሌስሊ ሀንተር በ1939 የሼፊልድ ጳጳስ ሆኑ። በዲሴምበር 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማይቱን በሁለት ሌሊት ደብድበው ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የብረቱ ፋብሪካ ግን ለጦርነቱ መሣሪያ ሲያቀርብ ቆየ። በ1944 ጳጳሱ ዊካምን አስመጥተው ደብር ሳይሰጧቸው ፋብሪካዎቹን ሰጧቸው። ዊካም ከዚያ በፊት በስዊነርተን የጥይት ፋብሪካ በካህንነት አገልግለው ስለ ነበር፥ የፋብሪካ ጩኸትና ፈረቃ እንግዳ አልሆነባቸውም።

አሁን አሠራራቸውን በዝርዝር እንናገር፤ ታሪኩ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነውና። ዊካም ወደ ፋብሪካ የሚገቡት በአሠሪው ፈቃድ ብቻ አልነበረም፤ የሠራተኛውንም ማኅበር ፈቃድ ይጠይቁ ነበር። አሠሪው ብቻ ቢያስገባቸው ሠራተኛው «የጌታው ጆሮ መጣ» ይላል፤ ማኅበሩ ብቻ ቢጠራቸው አሠሪው «አሳዳሚ መጣ» ይላል። ከገቡም በኋላ ጸሎተ ቅዳሴ አያቆሙም፥ መጽሐፍም አያድሉም። በየጊዜው እየተመላለሱ በማሽኑና በእቶኑ መካከል ይዘዋወራሉ፤ ብረቱ እስኪቀልጥ ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር ቆመው ይጫወታሉ። በምግብ ዕረፍት ጊዜ ሠራተኞቹ ሻያቸውን ይዘው ሲሰበሰቡ አጭር ንግግር ያደርጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው ለሁሉም ክፍት ነው። በቤተ ክርስቲያን ስብከት ጊዜ ማንም አይጠይቅም፤ በእቶን አጠገብ ግን ካህኑ ለጥያቄ ሁሉ፥ ለፌዙም ጭምር፥ መልስ ሊኖረው ይገባል። ሥራው እያደገ ሲሄድ ሌሎች ካህናት ተጨመሩ፤ በጐረቤት ከተማ በሮዘራም ወዳሉትም የብረት ፋብሪካዎች ተዳረሰ። ዊካም ከሁሉ ይልቅ የሚሹት፥ ሠራተኛው ራሱ፥ ካቦው ራሱ፥ ሥራ አስኪያጁም ራሱ፥ እምነቱን በዚያው በሥራው ላይ እንዲያስብበት ነበር። ካህኑ እንግዳ ሆኖ ይኖራል፤ በእንግድነቱም ለማንም አይወግንም። ይህ የእንግድነት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እንግዳ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል፥ ሠራተኛው እዚያው ይቀራል።

በዚያው ዘመን የፈረንሳይ ካህናት እንግዳ መሆን አልበቃቸውም። በ1941 ዣክ ሌቭ የሚባሉ የዶሚኒካን መነኵሴ በማርሴይ ወደብ ከጫኝና አውራጆች ጋር ሸክም መሸከም ጀመሩ። በ1943 አንሪ ጎዳንና ኢቫን ዳንየል የሚባሉ ሁለት ካህናት «ፈረንሳይ የሚሲዮን አገር ናትን?» የሚል መጽሐፍ አወጡ። (በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግነው ለእኛ ይህ አርእስት ፈገግ ያሰኛል፤ ሚሲዮን ማለት ከአውሮፓ ወደ እኛ የሚመጣ እንጂ በፓሪስ ሰፈር የሚላክ መስሎን አያውቅምና።) የፓሪሱ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሱአር ግን አልሳቁም፤ ለሠራተኛው ሰፈር የሚላኩ ካህናትን አደራጁ። ጀርመኖች ፈረንሳውያንን በግዴታ ወደ ፋብሪካዎቻቸው በወሰዱ ጊዜም፥ ክህነታቸውን ሰውረው እንደ ሠራተኛ አብረው የሄዱ ካህናት ነበሩ። ከነርሱ አንዱ አንሪ ፔራን ሲታወቅባቸው ታሰሩ፤ ከእስር ተርፈውም ያዩትን ጻፉ።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ 100 የሚጠጉ ካህናት ቱታ ለብሰው፥ በሠራተኛ ደመወዝ እየኖሩ፥ በየፋብሪካው ይሠሩ ነበር። ሠራተኛ የሆነ ሰው ደግሞ በሠራተኛው ችግር ዳር ቆሞ ሊመለከት አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ወደ ሠራተኛ ማኅበር ገቡ፤ አንዳንዶቹም መሪዎች ሆኑ። ፔራን በአንድ የግድብ ሥራ ቦታ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆነው በአድማ ተካፍለዋል። በ1952 ሁለት ካህናት በፓሪስ በተደረገ የተቃውሞ ሰልፍ ላይ በፖሊስ ተያዙ። ማኅበሩ ከኮሚኒስቶች ጋር የተቀራረበ ስለ ነበር ሮማ ተጨነቀች። በመጨረሻም ካህናቱ የእጅ ሥራቸውን በቀን ከ3 ሰዓት እንዳያሳልፉና ከማኅበሩ እንዲወጡ፥ እስከ ማርች 1 ቀን 1954 ድረስ ተወሰነባቸው። አንዳንዶቹ ታዘዙ፤ ሌሎቹ ጓደኞቻችንን ከድተን አንወጣም ብለው በሥራቸው ቀሩ። ፔራን ውሳኔያቸው ሳይታወቅ በዚያው ዓመት በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞቱ። በ1959 ክልከላው ጠበቀ፤ በ1965 ግን ጳጳስ ጳውሎስ ስድስተኛ ሥራው እንደገና እንዲጀመር ፈቀዱ። ለታዘዙትም ላልታዘዙትም እኛ ልንፈርድ አይገባንም፤ ነገር ግን በ11 ዓመት ውስጥ ተከልክሎ የተፈቀደ ነገር፥ በተከለከለበት ጊዜ የስንቱን ሰው ልብ እንደ ሰበረ ማሰብ አያስቸግርም።

በአሜሪካ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ተገኘ። በ1949 ሬይኖልድስ የተባለው የትምባሆ ኩባንያ ለሠራተኞቹ አማካሪ የሚሆን ቄስ በራሱ ደመወዝ ቀጠረ። ይህ ለታመመውና ቤቱ ለፈረሰበት ሰው መጽናኛ እንደሚሆን አንክድም፤ ብቻ የሠራተኛው ምሬት ከኩባንያው ጋር በሆነ ጊዜ ቄሱ ምን ይመልሳል እያልን ተከራክረንበታል፤ ከመካከላችንም የተስማማን የለም።

በሼፊልድ ዊካም በ1959 የሚድልተን ጳጳስ ተብለው ሄዱ። ከርሳቸው በኋላ በ1960ዎቹ ዓመታት በካህናቱ መካከል ክርክር ተነሣ፤ ሥራችን አንድ አንዱን ሰው ወደ እምነት ማምጣት ነው ወይስ የፋብሪካውን ኑሮ ማሻሻል ነው የሚል ነበር፤ የለቀቁም ነበሩ። ከዚህ የከበደው ፈተና የመጣው በ1980 ነው። የብረት ሠራተኞች በመላ አገሪቱ ለ13 ሳምንታት ሥራ አቆሙ። ሁለቱን ወገን አስፈቅዶ የገባው ካህን፥ ሁለቱ ወገኖች በፋብሪካው በር ላይ ሲፋጠጡ መቆሚያው ጠበበ። ከአድማው በኋላም ፋብሪካዎች በተራ ተዘጉ፥ ሠራተኛው በሺህ እየተቈጠረ ተሰናበተ። በአድማው ጊዜ ብዙ ሕዝብ ተሰልፎበት የነበረው የሀድፊልድስ ፋብሪካም ተዘግቶ፥ በ1990 በቦታው ላይ ሜዶሆል የሚባል ታላቅ የገበያ ማዕከል ተከፈተ።

ካህኑ ሠራተኛውን ፍለጋ ከደብሩ ወጥቶ ወደ እቶኑ ሄዶ ነበር። ኋላ ግን እቶኑ ጠፋ፤ ሠራተኛው ሥራ አጥቶ በቤቱ ተቀመጠ፤ ቤቱም የሚገኘው ካህኑ ትቶት በወጣው በዚያው በደብሩ አጥቢያ ውስጥ ነበር።