«ሥር» በሕክምና ቃላት፦ የእግር ደም ሥሮች አሰያየም

በአማርኛ «ሥር» የዛፍንም የደምንም መተላለፊያ ይሰይማል፤ «እግር» ደግሞ ከጭን እስከ ጣት ያለውን ያጠቃልላል። ስለዚህ «የእግሩ ሥር ተቆረጠ» የሚለው አነጋገር ለረዳቱ የሚነግረው ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለው አሻሚነት የአማርኛ ብቻ አይደለም። ግሪኮች «አርቴሪያ» ያሉት በመጀመሪያ የአየር ቧንቧን ነበር። ስሙ ወደ ደም ሥሮች ተሻገረ፤ ኤራሲስትራቶስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት አየር ይይዛሉ ብሎ አስተማረ። ደም መያዛቸውን ጋሌን በ2ኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. አሳየ። ፈረንሳዊው አምብሯዝ ፓሬ በ1552 እ.ኤ.አ. በተቆረጠ እግር ላይ ሥሮቹን በጋለ ብረት ከመተኮስ ይልቅ በክር አሰረ፤ ዊልያም ሃርቬይ የደምን ዑደት በመጽሐፍ ያወጣው ግን በ1628 እ.ኤ.አ. ነው። ዕውቀቱ ተለወጠ፤ ስሙ ቀረ።

የአማርኛዎቹ «ደም ወሳጅ» እና «ደም መላሽ» ግን ዑደቱን በውስጣቸው ይዘዋል። ከቁርጭምጭሚት በታች ደም ወሳጅ ሲቆረጥ ደማቅ ቀይ ደም ከልብ ምት ጋር እየተፈናጠረ ይወጣል፤ ከደም መላሽ ጠቆር ያለ ደም ሳይፈናጠር ይፈሳል። ለሁለቱም የመጀመሪያው እርዳታ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ነው፤ የደም ወሳጁ ጉዳት ግን ፋታ አይሰጥም። ተርጓሚው ሁለቱንም «ሥር» ብሎ ቢያልፋቸው፥ ከአንባቢው የሚሰወረው ይኸው ልዩነት ነው።